የሕፃን ጠባይ በፎቶግራፍ ይታያልን?

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የልጅነት ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ልጆቹ የተለያዩ ሲሆኑ ፎቶግራፎቹ አንድ መሆናቸው ነው። ልጁ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ጠጕሩ ቅባት ተቀብቶ ተበጥሯል፤ አንዱ እጁ ከጐኑ ወርዶ ሌላው በአበባ ማስቀመጫ ላይ ዐርፏል፤ ከኋላው ፏፏቴ ወይም አትክልት የተሣለበት መጋረጃ አለ። ዓይኖቹ ግን «እንዳትንቀሳቀስ» የተባለ ሰው ዓይኖች ናቸው። ልጁ ተጫዋች ይሁን ዝምተኛ፣ ቍጡ ይሁን ታጋሽ፣ ከዚህ ለማወቅ አይቻልም። የምናውቀው ወላጆቹ ለዚያ ቀን ልብስ እንደ ገዙለት ብቻ ነው።

ይህን ስንል የፎቶ ቤቶቻችንን ሥራ ለመናቅ አይደለም። በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነታቸው ከታወቁት ከአርመን ተወላጆቹ ከቦያጅያኖች ጀምሮ እስከ ትንሹ የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት ድረስ፣ መነሣት ክብር ሆኖ ኖሯል። ልጁን አስጊጦ ማቅረብም ወላጅ ለልጁ ያለውን አክብሮት የሚገልጽበት መንገድ ነው። ነገር ግን አክብሮቱ የወላጁ ነው እንጂ በሥዕሉ ላይ የልጁ ጠባይ የለም።

ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሻ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ገብቷልና፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አሳብ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። አሳቡም «ልጅ ሳያውቅ ሲነሣ እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል፤ ካወቀ ግን ይደብቀዋል» የሚል ነው። ስለዚህ ልጁ ሲበላ፣ ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ በስውር ይነሣል። እኛም ይህን አሳብ ለብዙ ጊዜ ይዘነው ቈይተን ነበር። ነገር ግን ሕፃናትን በማንሣት ስማቸው የተጠራ ጥቂት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ሥራ እያነጻጸርን ስንመለከት፣ አሳቡ ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ አገኘነው። በሚከተለው ጽሑፍ የውጭ አገሮቹን ሥራዎች ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ጕዳይ ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

በቅድሚያ ለእኛ ቅርብ ከሆነው እንጀምር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሆኖ ወደ ባሕር ሲወሰድ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁም በሰባት ዓመቱ አባትና እናት የሌለው ሆኖ፣ በዚያው ዓመት በእኛ የክረምት ወራት እንግሊዝ አገር ደረሰ። ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲ የሚባለው አማርኛ የሚያውቅ መኰንን ነበር። በዋይት ደሴት ሳሉ ጁሊያ ማርግሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ልጁን አነሣችው።

ይህች ሴት ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረችው በ1863 ልጇና አማቿ መሣሪያውን ገጸ በረከት አድርገው ከሰጧት በኋላ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሥዕሉ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባ የመስታወት ገበታ ላይ ሆኖ፣ ገበታው ሳይደርቅ ሁሉም ነገር መፈጸም ነበረበት። ተነሺውም ለደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀስ እንዲቈይ ይገደድ ነበር። እርስዋ ራስዋ እንደ ተረከችው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ሕፃናትን አንድ ላይ ስታነሣ በመካከሉ አንዱ በሣቅ ስለ ፈነዳ ሥዕሉ ጠፋባት። ከዚያ በኋላ አኒ የምትባለውን ልጅ ብቻዋን አስቀምጣ፣ ብትንቀሳቀስ መድኃኒቱና ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን እየነገረች ለመነቻት። ልጅቱም ጸጥ ብላ ተቀመጠችላት። ካሜሮን «የመጀመሪያው የተሳካልኝ ሥራ» የምትለው ይኸው በ1864 የተነሣው የአኒ ሥዕል ነው።

አንባቢያችን እዚህ ላይ ትንሽ ቈም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ላይ ሕፃናት የማይሥቁት ኀዘንተኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ሣቅ ገበታውን ስለሚያበላሽ ነው። ነገር ግን ይኸው የመሣሪያው ድካም ያልታሰበ ጥቅም አስገኝቷል። ሰው ፊቱን ለአንድ ቅጽበት አስመስሎ ሊይዘው ይችላል፤ ለደቂቃዎች ግን ሊይዘው አይችልም። ትእዛዙ፣ ኀፍረቱ፣ የታይታው ሁሉ ቀስ በቀስ ይወርድና ፊቱ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። በተለይ ሕፃን እንዲህ ነው። ስለዚህ ያ ዐዋቂ ሆኖ ለመታየት የተቀመጠ ልጅ፣ ሥዕሉ ሲፈጸም እንደ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ዓለማየሁ እንመለስ። ካሜሮን ልጁን ስታነሣው አሳቧ የልጁን ጠባይ ማሳየት ነበር ለማለት አንችልም። የጦርነቱ ወሬ በእንግሊዝ አገር ትኵስ ነበር፤ እርስዋም ሥዕሎቿን ለገበያ የምታቀርብ ሴት ነበረች። በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ስፒዲ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋራ ተቀምጧል፤ ይህም የሰውየውን ጀብዱ እንጂ የሕፃኑን ሐሳብ አያሳይም። ልጁ ብቻውን ለተነሣበት ሥዕል የሰጠችውም ስም «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚል ቃል አለበት። እንግዲህ አጊጦና ተቀምጦ እንዲታይ የተደረገው የአባቱ ልጅነቱ ነው።

እንዲህም ሆኖ በዚያ ሥዕል ላይ የምናየው ፊት ከሥዕሉ ዓላማ አምልጧል። ልጁ አያለቅስም፤ አይፈራም፤ ለማንም ደስ ለማሰኘት አይሞክርም። ብቻ ራሱን ሰብስቦ ተቀምጧል። አንዳንድ ሰው «ታሪኩን ስለምታውቁ ነው እንዲህ የምትሉት፤ ባታውቁ ኖሮ ተራ የልጅ ፊት በሆነባችሁ ነበር» ሊለን ይችላል፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ማን እንደ ሆነ ሳንነግራት ሥዕሉን ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት የወዳጃችን ልጅ አሳየናት። ጥቂት ካየችው በኋላ፣ «እንቅልፉ መጥቷል፤ ግን አልተኛም ብሏል» አለችን። ድካምና እንቢታ መሆኑ ነው። እኛ ብዙ መጽሐፍ አገላብጠን ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። ዓለማየሁ ኋላ በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ፤ አፅሙም ዛሬ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። አፅሙ ይመለስልን ለሚለው የኢትዮጵያውያን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 የሰጠው መልስ እንቢታ ነበር። ፊቱ ግን በዚያ ሥዕል ላይ በመሆኑ ቢያንስ እንዴት ያለ ልጅ እንደ ነበረ ጥቂት እናውቃለን።

እንግዲህ ተገዶ፣ ዐውቆ፣ ተቀምጦ የተነሣ ሕፃን ጠባዩ ከታየ፣ በስውር ማንሣትን ብቻ ያስከበረው አሳብ ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው። ለዚህም ከሁሉ የተሻለች ምስክር የኒው ዮርኳ ሄለን ሌቪት ናት። ሌቪት በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ዓመታት ድኾች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ በተለይም በምሥራቅ ሃርለም እየተዘዋወረች ልጆች በመንገድ ሲጫወቱና በጠመኔ ሲሥሉ ታነሣ ነበር። በካሜራዋ ላይ ወደ ጐን የሚያሳይ መመልከቻ ስለ ነበራት፣ ወደ አንድ ወገን የዞረች መስላ ሌላውን ወገን ታነሣለች፤ ልጆቹም አያውቁባትም። በ1943 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትርኢት የተደረገላት በእነዚሁ የሕፃናት ሥዕሎች ነው።

ከሥራዎቿ ሁሉ የታወቀው ጭምብል አድርገው በቤታቸው ደጃፍ ደረጃ ላይ የቆሙ ሦስት ልጆች ያሉበት ነው። ልጆቹ እንደ እኛ ሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች በየደጁ ሊዞሩ የወጡበት የበዓል ቀን ነው። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነው፤ ደጋግመን አይተነው አልጠገብነውም። ነገር ግን ስለ ማን ያስረዳናል? ስለ ጨዋታ ያስረዳናል፤ ስለ ልጅነት ያስረዳናል፤ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ግን ዝም ይላል። ጭምብል ባይኖራቸውም ኖሮ ያው ነው እንላለን፤ ምክንያቱም በሌሎቹ የሌቪት ሥዕሎች ላይ ጭምብል የሌላቸው ልጆችም ቢሆኑ የጨዋታው ክፍል እንጂ ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች ሆነው አይታዩንም። ይህን የምንለው ሌቪትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርስዋ የፈለገችው ያንኑ ነውና አግኝታዋለች። በስውር የተነሣ ሥዕል የሕፃናትን ሁኔታ ያሳያል፤ ያንዱን ሕፃን ጠባይ ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ጠባይ የሚታወቀው ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ልጅ እግሩን እናያለን፤ ዘወር ብሎ ሲያየን ግን ማን እንደ ሆነ ይነግረናል።

ይህንም በአንድ ሥዕል ማስረዳት ይቻላል። ፈረንሳዊው ካርትዬ ብሬሶን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ በሙፍታር መንገድ ያነሣው ልጅ፣ በሁለት ክንዶቹ ሁለት ትልልቅ የወይን ጠርሙሶች አቅፎ ይመጣል። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ፈገግታውን ለመደበቅ ሳይችል ይራመዳል። ለቤት የተላከ ልጅ መሆኑ ነው፤ አደራ የተቀበለ ልጅ ኩራት በአዲስ አበባም በፓሪስም አንድ ነው። ልጁ አልተቀመጠም፤ እንዲሥቅም አልታዘዘም። ነገር ግን እየታየ መሆኑን የማያውቅ ልጅ እንዲህ አይራመድም። ኩራት ተመልካች ይፈልጋልና ሰውየው መሣሪያውን ይዞ መቆሙ ኩራቱን አላጠፋውም፤ ይልቁንም አበራለት። ያልተሰናዳ ሥዕል ማለት ልጁ የማያውቀው ሥዕል ማለት አይደለም፤ ልጁ ያልታዘዘበት ሥዕል ማለት ነው። ሁለቱን አሳቦች ማደባለቅ ብዙ ስሕተት አስከትሏል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ማንሣት ነው። ከማንሣት በኋላ ግን መምረጥ አለ፤ በዚህ ላይ የሚፈጸመው ጥፋት የበለጠ የተሰወረ ነው። አሜሪካዊቱ ዳያን አርበስ በ1962 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንድ ከሲታ ልጅ አነሣች። ልጁ በአንድ እጁ መጫወቻ የእጅ ቦምብ ጨብጧል፤ ሌላው ባዶ እጁ እንደ አሞራ ጥፍር ተኰማትሯል፤ የሱሪው ማንገቻ ከአንድ ትከሻው ወርዷል፤ ፊቱም ተጨማዶ ዓይኑ ፈጥጧል። ይህ ሥዕል በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ሆኗል፤ ብዙ ጸሓፊዎችም በልጁ ፊት ላይ የዘመኑን እብደትና የጦርነት ፍርሃት አንብበውበታል።

ከዓመታት በኋላ ግን በዚያ ቀን ከአንድ ጥቅል ፊልም የወጡት ሌሎች ሥዕሎች ታትመው ታዩ። በእነርሱ ላይ ያው ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይሥቃል፤ ይቀልዳል፤ እንደ ማናቸውም ልጅ ለሴትዮዋ እየተጫወተ ይታያል። ተነሺውም ካደገ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሴትዮዋ ቦታ እየለዋወጠች ስትዞረው ሰልችቶት፣ እንድትገላግለው ሲፈልግ ያሳየው ፊት ነው።

እንግዲህ አርበስ ዋሽታለች ማለት ነውን? ፊቱ የልጁ ነው፤ ያንን ቅጽበት ማንም አልፈጠረውም። ነገር ግን ከብዙ ፊቶች አንዱን፣ ያውም እርስዋ ራስዋ ያሰለቸችውን ፊት መርጣ፣ የልጁ ፊት ይህ ነው ብላ ለዓለም አቀረበችው። እኛ ሥዕሉን ታላቅ ሥራ ነው እንላለን፤ የልጁ መልክ ነው ግን አንልም። በዚያ ሥዕል ላይ የሚታየው የአርበስ ጠባይ ነው። ልጁን ያገኘነው በተጣሉት ሥዕሎች ላይ ነው።

በመምረጥ የሚፈጸም በደል ከዚህም የከፋ መልክ ሲይዝ አይተናል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ጊዜ የአገራችን ሕፃናት ፊት በዓለም ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ሁሉ ታየ። ሥዕሎቹ እርዳታ አስገኝተዋልና ባልተነሡ ኖሮ አንልም። ነገር ግን ከእነዚያ ሕፃናት የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። ዝንቡ ተነሣ፤ አጥንቱ ተነሣ፤ ልጁ ግን አልተነሣም። ይህ የግድ ነበር እንዳይባል፣ ሌዊስ ሃይን የሚባለው አሜሪካዊ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሃይን አስቀድሞ አስተማሪ ነበር፤ ከ1908 ጀምሮ የሕፃናትን የጕልበት ሥራ ይቃወም ለነበረ ማኅበር በየፋብሪካውና በየማዕድን ጕድጓዱ የሚሠሩ ልጆችን አነሣ። ባለ ፋብሪካዎቹ እንዳያውቁበት እጁን በኪሱ ውስጥ አድርጎ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ የልጁን ቁመት ከራሱ ኮት ቍልፎች ጋራ እያስተያየ ይለካ ነበር ይባላል። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሥራቸውን እየጠየቀ መዘገበ። የተሰወረው ከአሠሪዎቹ ነው እንጂ ከልጆቹ አልነበረም፤ ስለዚህ ልጆቹ በቀጥታ ያዩታል። ከሥዕሎቹ መካከል ልጁ ችግሩን ብቻ ሆኖ የቀረበትን አንድ ሥዕል ለማግኘት እንቸገራለን። አንዱ ይደነፋል፤ አንዷ ታፍራለች፤ ሌላው ሲጋራውን ይዞ እንደ ሽማግሌ ይቆማል።

ስለ ራሳችን ልጆች ደግሞ አንድ የሚነገር ነገር አለ። በእኛ አገር ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ እንዲቆም ተምሮ ያድጋል። አንዳንድ የዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ሥርዓት እንደ ጭምብል ቈጥረው፣ ልጁን ኰርኵረውና አስጩኸው ያነሡታል፤ ጥርሱ ካልታየ ደስተኛ አይደለም ብለው ያምናሉ። እኛ ግን አንስማማም። ዝምተኛ ልጅ አለ፤ ዝምታውም ጠባዩ ነው። ዓይኑን ሰብሮ የቆመ ልጅም በዚያው በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ይለያል፤ አንዱ ዓይኑን የሰበረው በፍርሃት ነው፤ ሌላው በትዕቢት ነው፤ ሦስተኛው ሣቁን ለመደበቅ ነው። አስተማሪ የሆነ አንባቢያችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ሥርዓቱን ማፍረስ ሳይሆን፣ ልዩነቱ እስኪታይ ድረስ መታገሥ ነው። የዛሬው የእጅ ስልክ በአንድ ደቂቃ መቶ ሥዕል ስለሚያነሣ ትዕግሥትን የተካ ይመስላል፤ ነገር ግን መቶውን አንሥተን የምንመርጠው ልጃችን እንዲሆን የምንመኘውን እንጂ የሆነውን አይደለም። በዚህ በኩል እያንዳንዱ ወላጅ ትንሽ አርበስ ነው።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ታናሽ ወንድማችን ስድስት ዓመት ሲሞላው በእንቍጣጣሽ ዕለት ከእናታችን ጋራ ወደ ፎቶ ቤት ይዘነው ሄድን። በመንገድ ላይ ከጓደኛው ያሸነፈውን አንድ ብይ በጡጫው ይዞ ነበርና፣ ፎቶግራፍ አንሺው «እጅህን ዘርጋ» ቢለው እንቢ አለ። እናታችን ተቈጣችው፤ እርሱም ግንባሩን ቋጥሮ፣ ጡጫውን ከጭኑ ጋራ አጣብቆ፣ ወደ እርስዋ በጐን እያየ ሳለ መብራቱ በራ። ሰውየው «ይህኛው ተበላሽቷል» ብሎ፣ ብዩን አስጥሎ እንደ ገና አነሣው። ሁለተኛው ሥዕል በመስታወት ገብቶ ሃያ ዓመት ያህል በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ኖረ። የተበላሸውን ሰውየው ያለ ዋጋ ስለ ሰጠን በሣጥን ውስጥ ተጣለ።

ወንድማችን አሁን ከአገር ውጭ ነው። ባለፈው ዓመት እናታችን ሣጥኑን ስታገላብጥ ያንን ሥዕል አግኝታ፣ የግድግዳውን አውርዳ እርሱን ሰቀለችው። «ይህኛው ነው ልጄ፤ ያኛው የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው» አለችን። ወንድማችንም ይህን በስልክ ሰምቶ ሥዕሉን እንድንልክለት ለመነን። እርስዋ ዋናውን አልሰጥም ስላለች ቅጂ አስነሥተን ላክንለት። ብዩ ግን በጡጫው ውስጥ ስለ ሆነ በሥዕሉ ላይ አይታይም።